በሰው አገር ቋንቋው ሥራ ሳይመርጥልዎ፣ እርስዎ ይምረጡ

አንድ መሐንዲስ፣ ነርስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ ዕውቀቱን የሚያስረዳበት ቋንቋ ግን ላይከተለው ይችላል። ያኔ አንዳንዱ «ቋንቋው ይስተካከል እንጂ ሙያዬ የት ይሄዳል» ብሎ ንግግር የማይጠይቅ ሥራ ውስጥ ይገባና ዓመታት ያልፋሉ። ሌላው ሙያውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሁለቱም የሚነሱት «ቋንቋውን እችላለሁ ወይስ አልችልም?» ከሚል ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ ሙያዬ በቋንቋው ምን ይሠራበታል፣ ከዚያ ውስጥ የጎደለኝ የትኛው ነው የሚለው ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ወረቀት ላይ አውጥቶ፣ ሰዓት ቆጥሮ፣ የመጀመሪያውን ሥራ እስከ መምረጥ ያደርሳል።

ሙያውን ወረቀት ላይ ይበትኑት

አንድ ወረቀት ይውሰዱና በሙያዎ በአንድ ተራ የሥራ ሳምንት ውስጥ የሚሠራውን ወደ 20 የሚሆን ተግባር ይዘርዝሩ። «ሒሳብ መሥራት» ብለው በጥቅሉ አይጻፉ። «ደረሰኝ መመዝገብ»፣ «የባንክ ሒሳብ ማመሳከር»፣ «ዕዳ ላለበት ደንበኛ መደወል» እያሉ ይሸንሽኑት። ከእያንዳንዱ ተግባር ፊት ሦስት ነገር ያስፍሩ፦ ከመስማት፣ ከመናገር፣ ከማንበብና ከመጻፍ የትኛውን ይጠይቃል? ከማን ጋር ነው? ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?

ሰው ሁሉ የሚዘለው ሦስተኛውን ነው፤ ክብደቱ ግን እሱ ላይ ነው። ኢሜይል ሦስት ጊዜ ከልሰው፣ መዝገበ ቃላት ገልጠው መላክ ይችላሉ። ስልክ ላይ ያለ ደንበኛ ግን ትንሽ ዝም ካሉት «ሃሎ?» ይላል። በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ሰው ስልክ ሲያነሳ አንድ ደረጃ ወርዶ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ፊት አይታይም፣ የከንፈር እንቅስቃሴ አይታይም፣ ጊዜም የለም።

የሒሳብ ባለሙያውን ወረቀት እንመልከት። ደረሰኝ መመዝገብ፣ ባንክ ማመሳከር፣ የወር መዝጊያ ማዘጋጀት በአብዛኛው ንባብና ቁጥር ናቸው፤ ለማሰብም ጊዜ አለ። ወጪው ከበጀት ለምን እንደበለጠ ለሥራ አስኪያጅ ማስረዳት፣ ለኦዲተር ጥያቄ እዚያው መልስ መስጠት፣ ዕዳ ማስታወስ ግን ንግግር ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ «አካውንታንት» በሚለው አንድ ስም ውስጥ ሁለት ሥራ አለ። የመጀመሪያውን በመካከለኛ ቋንቋ መጀመር ይቻላል፤ ሁለተኛውን አይቻልም።

የነርስ ወረቀት ሲበተን ተቃራኒው ይወጣል። የፈረቃ ርክክብን ብቻ ብንወስድ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሕመምተኛው ሁኔታ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሌሊት የሆነው ነገር በፍጥነት ይነገራል። በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ ማለትም 15 እና 50፣ በጫጫታ መሐል አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በጀርመንኛ ደግሞ 24 የሚነገረው «አራት እና ሃያ» ተብሎ ስለሆነ፣ እንደሰማ የሚጽፍ አዲስ ሠራተኛ 42 ብሎ ሊያሰፍር ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ስህተቱ ግን የሰው ሕይወት ነው። መፍትሔው ቁጥሩን በየአኃዙ ከፍሎ መልሶ መጠየቅ ነው፦ «አንድ፣ አምስት፤ አሥራ አምስት ነው?» ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልማድ ያድርጉት። ቋንቋው ደካማ ስለሆነ የሚደረግ አይደለም፤ ጥንቁቅ ባለሙያ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

የራስዎን ሙያ ከሌላ ሙያ ጋር ለማነጻጸር በአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሚደገፈውን ኦኔት የተባለ ነፃ የመረጃ ቋት ይጠቀሙ። የሙያውን ስም ጽፈው ዝርዝር ዘገባውን ሲከፍቱ፣ ከሚያስፈልጉት ችሎታዎች መካከል የሰሙትን መረዳት፣ በቃል መግለጽ፣ የተጻፈ መረዳትና በጽሑፍ መግለጽ እያንዳንዳቸው ከ100 በሚሰጥ የአስፈላጊነት ነጥብ ተቀምጠው ያገኛሉ። ሊገቡበት ያሰቡትን ሦስት ወይም አራት ሥራ ጎን ለጎን አድርገው እነዚህን አራት ቁጥሮች ይገልብጡ። የሚሄዱት ወደ አሜሪካ ባይሆንም ይጠቅማል፤ የሥራው ባሕርይ ከአገር አገር ያን ያህል አይለወጥም።

በሩ አንድ አይደለም

የቋንቋ መስፈርት ለብዙ ሰው አንድ ይመስላል። ሦስት ነው፤ ከፍታቸውም ይለያያል።

አንደኛው የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የካናዳን የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኞች መርሐ ግብር ብንወስድ፣ በአራቱም ችሎታ በአገሪቱ የቋንቋ መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 7 ይጠይቃል፤ ይህም አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አጠቃላይ በሚባለው ዓይነት፣ በእያንዳንዱ 6.0 ነው። ነገር ግን ይህ ወለሉ ነው። ያለ ትዳር ጓደኛ የሚያመለክት ሰው አመልካቾች በሚወዳደሩበት የነጥብ አሰጣጥ ለእያንዳንዱ ችሎታ በደረጃ 7 ላይ 17፣ በደረጃ 8 ላይ 23፣ በደረጃ 9 ላይ 31 ነጥብ ያገኛል። በመስማት 7.5 ማለት ደረጃ 8 ነው፤ 8.0 ማለት ደግሞ 9። ስለዚህ በመስማት ላይ ግማሽ ነጥብ ብቻ መጨመር 8 ነጥብ ያመጣል። ነጥብ ለመጨመር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ከማሰብ በፊት እዚህ ላይ የሁለት ወር ልምምድ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ ነው፤ ይህ በሕግ ቁጥጥር ያለባቸውን ሙያዎች ብቻ ይመለከታል። በእንግሊዝ ነርስ ሆኖ ለመመዝገብ በአካዳሚክ አይኤልትስ በማንበብ፣ በመስማትና በመናገር 7.0፣ በመጻፍ 6.5 ያስፈልጋል። ለሐኪም ደግሞ አማካዩ 7.5 ሆኖ ከአራቱ አንዱም ከ7.0 በታች መውረድ የለበትም። በጀርመን ለሐኪም አጠቃላይ ቋንቋው፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 በሚሄደውና ከታች በምናየው የአውሮፓ መለኪያ፣ ቢ2 ሲሆን በላዩ ላይ በሲ1 ደረጃ የሚሰጥ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ። ይህም አንድ ሰዓት የሚወስድ ነው፦ 20 ደቂቃ ከሕመምተኛ ጋር ንግግር፣ 20 ደቂቃ የሕክምና ደብዳቤ መጻፍ፣ 20 ደቂቃ ለሌላ ሐኪም ጉዳዩን ማስረዳት። በአየር ጉዞ ደግሞ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአብራሪዎችና ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ባወጣው ስድስት ደረጃ ያለው መለኪያ ዝቅተኛው የሥራ ደረጃ 4 ነው፤ 4 ያገኘ በየ3 ዓመቱ፣ 5 ያገኘ በየ6 ዓመቱ ዳግም እንዲፈተን ይመከራል፣ 6 ያገኘ ግን አይፈተንም። ሶፍትዌር መሥራት፣ የመረጃ ትንተና፣ ግራፊክ ዲዛይንና የመሳሰሉት በአብዛኛው አገር ይህ በር የለባቸውም።

ሦስተኛው ቀጣሪው ነው። ሰርተፊኬት ላይጠይቅ ይችላል፤ ሚዛኑ ቃለ መጠይቁና የሙከራ ጊዜው ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ከፍ ያለው ይሄኛው ስለሆነ ምርመራውን ከእሱ ይጀምሩ። በሙያዎ የወጡ 30 የሥራ ማስታወቂያዎች ይሰብስቡና ግሶቹን ያስምሩ። «ያስተባብራል፣ ያቀርባል፣ ያሳምናል፣ ይደራደራል» የሚሉ ከበዙ፣ የሚከፈለው ደሞዝ ለንግግር ነው። «ይነድፋል፣ ያሰላል፣ ይፈትሻል፣ ይመዘግባል» ከበዙ ለሥራው ራሱ ነው። ከሠላሳው ውስጥ የሁለተኛው ዓይነት አሥር እንኳ ቢገኝ፣ ሙያውን ሳይለቁ የሚገቡበት በር አለ ማለት ነው።

ደንቦች ይለዋወጣሉና፣ ለፈተና ከመመዝገብዎ በፊት ቁጥሩን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

ሰዓቱን በሐቅ መቁጠር

ከኤ1 እስከ ሲ2 ያሉት ደረጃዎች የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው መለኪያ ናቸው። ባጭሩ ቢ1 የዕለት ኑሮን ያስኬዳል፤ ቢ2 በገዛ ሙያ ላይ ሐሳብን ያስረዳል፣ ይከራከራል፤ ሲ1 ላይ የአነጋገር ለዛና ስውር ትርጉም ይገባል። የቋንቋ ፈተና አዘጋጁ ካምብሪጅ ለእንግሊዝኛ ባወጣው ግምት ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ከ500 እስከ 600፣ ሲ1 ከ700 እስከ 800 የትምህርት ሰዓት ይወስዳል። ከቢ1 ወደ ቢ2 መሻገር ማለት እንግዲህ ወደ 200 ሰዓት ነው። በሳምንት 10 ሰዓት የሚማር በ20 ሳምንት፣ 5 ሰዓት የሚማር በ40 ሳምንት ይደርሳል። የቤት ሥራ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ የሚማሩት ቋንቋ ከሚያውቋቸው ቋንቋዎች በራቀ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ራስን ማታለል ቀላል ነው። ሙሉ ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብሎ ዕቅድ ሲያወጣ በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ «ቋንቋ አልሆነልኝም» ይላል። ያልሆነው ቋንቋው አይደለም፤ ዕቅዱ ነው። 5 ሰዓት ብለው 5 ሰዓት ይማሩ።

አሁን የጎደለውን ሰዓት በሳምንታዊው ሰዓትዎ ያካፍሉ። ውጤቱ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ በመሐል የሚያገኙት ሥራ ምንም ቢሆን ብዙ አይጎዳም። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ከሆነ ግን መሸጋገሪያው ሥራ የግድ ከሙያው አጠገብ መሆን አለበት። ምክንያቱም ብዙ ፈቃድ ሰጪ አካላት የቅርብ ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ቋንቋው ሲደርስ ልምዱ ያረጃል።

መሸጋገሪያውን ሥራ መምረጥ

የመጀመሪያውን ሥራ በሦስት ጥያቄ ይመዝኑት። በቀን ስንት ደቂቃ በአገሩ ቋንቋ፣ መልስ ከሚጠብቅ ሰው ጋር ያነጋግራል? የሙያዎ ቃላት በጆሮዎ ይገባሉ? ከዚያ ቦታ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አይተዋል? ሌሊት ብቻውን መጋዘን የሚጠብቅ ሐኪም ሦስቱንም አያገኝም። በነርስ ረዳትነት የገባ ነርስ ሁለቱን በመጀመሪያው ቀን ያገኛል፤ የአልጋ ልብስ ሲቀይር እንኳ «ያመሃል? የት? ከመቼ ጀምሮ?» የሚሉትን ጥያቄዎች በትክክለኛው ድምፅና ፍጥነት ይሰማል።

ለሐኪም ደም ቀጂነት፣ የሕክምና መዝገብ ሥራ ወይም በምርምር ፕሮጀክት ረዳትነት ቅርብ ናቸው። ለሲቪል መሐንዲስ በኮምፒውተር ንድፍ ማውጣትና የዋጋ ግምት ክፍል ውስጥ መግባት፤ የሥራ ተቆጣጣሪነት ግን ከሠራተኛ፣ ከአቅራቢና ከባለቤት ጋር ሙሉ ቀን መነጋገር ስለሆነ ለኋላ ይቆይ። ለሒሳብ ባለሙያ የክፍያ ክፍል። ለመምህር የክፍል ረዳትነት፣ በተለይ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ከሆነ። ፋርማሲስት በመድኃኒት ቤት ረዳትነት ሲገባ የመድኃኒቱን ስም ያውቀዋል፤ አዲስ የሚሆንበት «ከምግብ በፊት፣ ግማሽ ፍሬ፣ ለሰባት ቀን» የሚለውን በአገሩ ሰው አፍ መናገር ነው፤ ያንንም በየቀኑ ይሰማዋል።

የሕግ ባለሙያ ለብቻው መታየት አለበት። የሌሎቹ ሙያ ዕቃ አንድ ነው፤ ኮንክሪት በየትም ኮንክሪት ነው። የጠበቃ ዕቃው ግን ቋንቋውና የአገሩ ሕግ ራሳቸው ናቸው፤ ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ ወደ ችሎት የሚመለስበት መንገድ ከሁሉም ይረዝማል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በሕግ ረዳትነት፣ በውል ክትትል ወይም በተቋማት የደንብ ማስከበር ክፍል ውስጥ ገብቶ እየሠሩ መማርን እንደ ዋና መንገድ አድርጎ ማቀድ ያስፈልጋል።

ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ዝም ያለ ሥራ መያዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ያኔ ሁለት ነገር ያድርጉ፦ የሚለቁበትን ወር ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ አምስቱን የትምህርት ሰዓት ደግሞ በትርፍ ሰዓት ሥራ አይለውጡ። ሌላው ወጥመድ የራስ ቋንቋ ተናጋሪዎች ብቻ ያሉበት ቡድን ነው። ሞቅ ያለ ነው፣ ይደግፋል፣ መረጃ ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ግን ቋንቋው ከገባበት ቀን ንቅንቅ አይልም።

በቁጥር በኩል መግባትና ጣሪያው

ጆቫኒ ፔሪና ቻድ ስፓርበር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ከውጭ የመጡ ሠራተኞች ስሌትና ትንተና ወደሚበዛባቸው ሙያዎች፣ የአገሩ ተወላጆች ደግሞ ንግግርና ግንኙነት ወደሚበዛባቸው እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ሰው የሚበልጥበትን ይይዛል። ፎርሙላ፣ ኮድና ንድፍ በየአገሩ አንድ ስለሆኑ ቋንቋው እስኪበስል ድረስ ዕውቀቱን ሙሉ ዋጋ ያሰጡታል።

ስለዚህ በቁጥር በኩል መግባት ብልህነት ነው። ችግሩ በኋላ ይመጣል። የቡድን መሪ፣ የፕሮጀክት ኃላፊ፣ ከደንበኛ ጋር የሚገናኝ አማካሪ ሲባል ሥራው ከስሌት ወደ ማስረዳት ይዞራል። ከአምስት ዓመት በፊት አብሮ የገባው ተወላጅ ሲያልፍ፣ በሥራ የሚበልጠው ሰው እዚያው ይቀራል። ይህን የሚከላከሉት በመጀመሪያው ዓመት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ የራስዎን ሥራ ዘገባ በቃል ለማቅረብ ይጠይቁ። ሌላ ሰው እንዲያቀርብልዎ አይስጡ፤ ያቀረበው ሰው ነው የሚታወሰው።

ለፈተናው

የአይኤልትስ ውጤት ለሁለት ዓመት ብቻ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ቀድሞ ይፈተንና ዲግሪውን ማስገምገም ሲጨርስ ውጤቱ ያልፍበታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ረጅም ጊዜ የሚወስዱትን የትምህርትና የሥራ ማስረጃዎች ማስገምገም ይጀምሩ፣ በመጠበቂያው ጊዜ ይማሩ፣ የግምገማው ውጤት ሊደርስ ሲል ይፈተኑ።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ሲያንስ ሁሉንም እንደገና መፈተን ላያስፈልግ ይችላል። በኮምፒውተር የሚሰጠው አይኤልትስ በ60 ቀን ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ደግሞ መፈተን ይፈቅዳል፤ ሁሉም ተቋም ግን ይህን ውጤት አይቀበልምና አስቀድመው ይጠይቁ። ጎተ የተባለው የጀርመንኛ ተቋም የሚሰጠው የቢ2 ፈተና ደግሞ በአራት ክፍል ተከፍሎ ለየብቻ ሊወሰድ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ማለፊያው ከመቶ 60 ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መጻፍ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱን ማንም አይነግርዎትም። በአይኤልትስ ሁለተኛው ድርሰት ቢያንስ 250 ቃል ሲሆን ከመጀመሪያው እጥፍ ነጥብ አለው። ስልሳውን ደቂቃ እኩል የሚከፍል ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ 20 ለመጀመሪያው፣ 40 ለሁለተኛው ይስጡ። የጤና ባለሙያ ከሆኑ ኦኢቲ የተባለውን፣ ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፈተና ያስቡበት። እዚያ የሚጻፈው ከ180 እስከ 200 ቃል የሚሆን የሙያ ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሕመምተኛን ወደ ሌላ ባለሙያ የሚልክ። 5 ደቂቃ ማንበቢያ፣ 40 ደቂቃ መጻፊያ አለው። የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሰዋስው ያጣ አይደለም፤ በማስታወሻው ላይ ያለውን ሁሉ የገለበጠ ነው። የልብ ሐኪም የሚያነበው ደብዳቤ ውስጥ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ የእጅ ስብራት ከገባ ነጥብ ይቀንሳል።

ሥራው ላይ

ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሙያዎን 60 ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ፤ ቃል አይሰብስቡ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይያዙ። ሃያው መጠየቂያ ይሁን፣ ሃያው ዘገባ መስጫ፣ ሃያው አለመረዳትን መግለጫ። የመጨረሻዎቹ ሃያ ወሳኞች ናቸው። «አልገባኝም» የሚል ሰው ንግግሩን ይዘጋዋል። «ቧንቧው መቼ እንደሚዘጋ ገብቶኛል፣ ማን እንደሚዘጋው ግን አልሰማሁም» የሚል ግን የሚያውቀውን አሳይቶ የጎደለውን ብቻ ይጠይቃል፤ ባልደረባውም የሚያየው ባለሙያ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን የአገሩ ሰው በድምፅ እንዲቀዳልዎ ይጠይቁና በመንገድ ላይ ይደጋግሟቸው።

ፍርሃት የሚያመጣው ትልቁ ጥፋት «እሺ» ማለት ነው። ሳይረዱ ራስ መነቅነቅ በዚያች ቅጽበት ያሳልፋል፣ ከሰዓት በኋላ ግን የተሳሳተ ዕቃ ይታዘዛል፣ የተሳሳተ ግድግዳ ይፈርሳል። ትዕዛዝ ሲቀበሉ በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩ፤ ከስብሰባ በኋላ የተስማሙበትን በሦስት መስመር ኢሜይል ይላኩ። ጆሮ የሳተውን ጽሑፍ ይይዘዋል።

ሲቪ ላይ ደረጃዎን አያጋኑ። «ሲ1» ብሎ የጻፈ ሰው በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ይለካል፤ ቋንቋው ላይ እምነት ሲጠፋ የሥራ ልምዱም አብሮ ይጠረጠራል። «ቢ1፣ ለቢ2 ፈተና ተመዝግቤያለሁ» ብሎ ወሩን መጻፍ የበለጠ ያስከብራል። ለቃለ መጠይቅም መልስ በቃል አይሸምድዱ፤ ጥያቄው ትንሽ ሲጣመም ሁሉም ይጠፋል። ከሠሩት ሥራ ስድስት ጉዳይ ይምረጡና ለእያንዳንዱ አምስት ቁልፍ ቃል ብቻ ይያዙ፦ ችግሩ፣ ያደረጉት፣ ቁጥሩ፣ ውጤቱ፣ የተማሩት።

ያንን የ20 ተግባር ወረቀት በየሦስት ወሩ ያውጡት። ያለ ሰው ድጋፍ፣ በአገሩ ቋንቋ ልሠራቸው እችላለሁ የሚሏቸውን ይሰርዙ። 14 ሲደርሱ ለሙያዎ ማመልከቻ መላክ ይጀምሩ፤ የቀሩት ስድስት ሥራው ላይ የሚለመዱ ናቸው። ከስድስቱ ውስጥ የመድኃኒት መጠን ወይም የአደጋ ማስጠንቀቂያ ካለ ግን እሱን በሚገባ ሳይችሉት አይጀምሩ።